በእባብ የተነደፈ ሰው ደም መርጋት አለመርጋቱን በ20 ደቂቃ እንዴት ማወቅ ይቻላል

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማበር ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው፣ ጋቢውን ከትከሻው የሚያወርደው መንገዱ ሳይጋመስ ነው። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት ሙቅ ቆላ ውስጥ ይገባል። በሰሜን ሸዋ የእባብ ነገር የሚያሳስበውም እንዲህ ባለው ቆላ ነው፤ በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም፣ በጀማ ሸለቆ። አጫጁ ነዶ ሲያነሳ፣ እረኛው ድንጋይ ሲፈነቅል፣ ሌላውም በጨለማ በባዶ እግሩ ወደ ደጅ ሲወጣ ይነደፋል።

ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሁሉም የሚጠይቀው «ምን ዓይነት እባብ ነበር?» ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም። እባቡን አሳድዶ ገድሎ ማምጣትም ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው፤ ተቆርጦ የወደቀ ጭንቅላት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ይነክሳል። ከዚያ ይልቅ «ደሙ ይረጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ይህን ለማወቅ አንድ የመስታወት ቱቦ፣ 2 ሚሊ ሊትር ደምና ሰዓት በቂ ናቸው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ደሙን የሚቀዳው የጤና ባለሙያ ነው፤ ቤተሰብም ሆነ ሌላ አንባቢ ግን ምን እንደሚደረግና ለምን እንደሚደረግ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

መርዙ ደሙን ምን ያደርገዋል?

ጉበታችን ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን እየሠራ ወደ ደም ይልካል። በጤነኛ ሰው በአንድ ዴሲሊትር ፕላዝማ ውስጥ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ይገኛል። ሟሙቶ ስለሚዞር በራሱ ምንም አያደርግም። ፕሮትሮምቢን የሚባል ሌላ ፕሮቲንም እንዲሁ ተኝቶ ይዞራል። ማጭድ ጣት ሲቆርጥ ግን ቁስሉ ላይ ፕሮትሮምቢኑ ነቅቶ ትሮምቢን ይሆናል። ትሮምቢን ፋይብሪኖጅኑን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውም እርስ በርሱ እየተያያዘ እንደ ሸማኔ ድር ይዘረጋል። የደም ሴሎች ድሩ ውስጥ ይያዛሉ፣ ደሙም ይረጋል። ይህ ሥራ ካልሲየምና የደም አርጊ ሴሎችን ገጽ ስለሚፈልግ ከቁስሉ ቦታ ብዙም አይወጣም።

በአገራችን ቆላ የሚገኘው ኤኪስ የሚባለው እፉኝት ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል። እባቡ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሲቆጣ ተጠቅልሎ የጎኑን ሻካራ ቅርፊቶች እርስ በርስ ያፋትጋል፤ ድምፁ የጋለ ምጣድ ላይ ውኃ ጠብ ሲል የሚሰማውን ይመስላል። መርዙ ውስጥ ኤካሪን የተባለ ዓይነት ኢንዛይም አለ። ኤካሪን ፕሮትሮምቢንን በቀጥታ ይቀሰቅሰዋል፤ ካልሲየምም ሆነ የአርጊ ሴል ገጽ አይጠብቅም። ስለዚህ ቁስል በሌለበትም ሁሉ፣ በመላው የደም ዝውውር ውስጥ ጥቃቅን ድሮች ይሠራሉ። ሰውነት ደግሞ የተሠራውን ድር እየተከታተለ ያሟሟዋል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፋይብሪኖጅኑ ተሟጦ ያልቃል። ደሙ የማይረጋው መርዙ ስላቀጠነው ሳይሆን፣ የሚያረጋው ነገር ያለ ቦታው ወጥቶ ስላለቀ ነው።

ይህን መረዳት ሕክምናውን ይለውጣል። ፀረ መርዝ ሳይሰጥ ፕላዝማ ወይም ደም መስጠት ለኢንዛይሙ ተጨማሪ ፋይብሪኖጅን እንደማቀበል ነው። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መድኃኒት ሄፓሪንም አይረዳም፤ በኤካሪን የተቀሰቀሰው ትሮምቢን ሄፓሪንን ይቋቋማል።

ከዚህ ጎን መርዙ ሌሎች ኢንዛይሞችም አሉት። በመሃላቸው ዚንክ ይዘው የሚሠሩት የቀጭን ደም ሥሮችን ግድግዳ የሚያቆመውን ኮላጅን ይበሉታል። የደም ሥሩ ሲያፈስ መርጊያውም የለም። ድድ መድማት፣ ቀይ ሽንት፣ ከአሮጌ ቁስል ደም መፍሰስ፣ ሲከፋም አንጎል ውስጥ መድማት የሚመጣው ከሁለቱ መገናኘት ነው።

አሠራሩ

መጀመሪያ ቱቦው። አዲስ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ምንም ያልተቀባ የመስታወት ቱቦ መሆን አለበት። ምርመራው ሲሳሳት ጥፋቱ በአብዛኛው እዚህ ነው። መስታወት ሲነካው ደም ውስጥ ያለ አንድ የመርጋት ፕሮቲን ይነቃል፣ ሰንሰለቱም ይጀምራል። ፕላስቲክ ይህን በደንብ አያደርግም፤ በፕላስቲክ ቱቦ የጤነኛ ሰው ደም እንኳ በ20 ደቂቃ ላይረጋ ይችላል። በኦሞ ወይም በሳሙና ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆም እንዲሁ ነው፤ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም የቀረው ስስ የሳሙና ሽፋን የመስታወቱን ሥራ ይከለክላል። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው የላብራቶሪ ቱቦ ደግሞ ኢዲቲኤ ስላለበት ካልሲየሙን ያስራል፤ እዚያ ውስጥ የማንም ደም አይረጋም። በእነዚህ ምክንያት ጤነኛው ሰው «ደሙ አልረጋም» ተብሎ የማያስፈልገውን ፀረ መርዝ ይወስዳል፤ ፀረ መርዝ ደግሞ ራሱ አደጋ ያለው፣ በቀላሉም የማይገኝ መድኃኒት ነው።

ሁለት ቱቦ ያዘጋጁ። በአንደኛው የሕመምተኛውን ስም፣ በሁለተኛው «ጤነኛ» ብለው ይጻፉ። ሁለተኛው ካልተነደፈና ደም አቅጣኝ መድኃኒት ከማይወስድ ፈቃደኛ ሰው ይቀዳል። ብዙ ቦታ ይህ ቱቦ ይታለፋል፤ በደጋ ግን ፈጽሞ መታለፍ የለበትም። ሪፈር ተብሎ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳለችው ደብረ ብርሃን የወጣ ሕመምተኛ ደሙ በታኅሣሥ ሌሊት በቀዘቀዘ ክፍል ቢመረመር፣ ብርዱ ብቻውን መርጋቱን ያዘገየዋል። ጤነኛው ቱቦም ካልረጋ ችግሩ ቱቦው ወይም ክፍሉ ነው፤ ውጤቱ ተጥሎ ሞቅ ባለ ክፍል በአዲስ ቱቦ ይደገማል።

ደሙ ከተነደፈው እጅ ወይም እግር አይቀዳም። ጤነኛ ክንድ ላይ፣ ተጭኖ ደሙን ማቆም በሚቻልበት ሥር ይቀዳል። ከአንገትና ከብሽሽት መቅዳት አይገባም፤ ደሙ የማይረጋ ከሆነ እዚያ መድማቱን ማቆም ይከብዳል። ግሉኮስ ከሚሄድበት መስመርም አይቀዳ፤ ይቀጥናል። መርፌው በጣም ቀጭን አይሁን። 2 ሚሊ ሊትር እንደተቀዳ ሲሪንጁ ውስጥ ሳይቆይ በቀስታ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይፍሰስ። የተወጋው ቦታ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ።

ደሙ ቱቦ ውስጥ የገባበትን ሰዓት ወዲያው ይጻፉ። ምሽት 2፡10 ከገባ 2፡30 ይታያል። ቱቦው ቀጥ ብሎ ማንም በማይነካው ቦታ ይቁም። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ በ5 ደቂቃ ብድግ አድርጎ የሚያይ ሰው ገና በመዘርጋት ላይ ያለውን ድር ይበጥሰዋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያዘንብሉት። አይነቅንቁት።

እንደ ጄሊ ተያይዞ ከቦታው ካልተነቃነቀ ረግቷል። እንደ ውኃ ከፈሰሰ አልረጋም። ለስላሳ ቁራጭ ታይቶ ሲዘነበል ከተበታተነ እንደ ረጋ አይቆጠር፤ ወዲያው በአዲስ ቱቦ ይደገም። በካርዱ ላይ «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጌቲቭ» ብሎ መጻፍ አንዱን ከሌላው ያምታታል፤ «ረግቷል» ወይም «አልረጋም» ይበቃል።

ውጤቱን ምን እናድርገው?

ጤነኛው ቱቦ ረግቶ የሕመምተኛው ካልረጋ ለፀረ መርዝ በቂ ምክንያት ነው፤ ደም እስኪታይ አይጠበቅም። ከመስጠትዎ በፊት ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የእባብ ዝርዝር ያንብቡ። ለአፍሪካ ኤኪስ የተሠራ መሆን አለበት። ለእስያ እባቦች የተሠራው ማሸጊያው ቢመሳሰልም የአፍሪካውን ኤኪስ መርዝ በደንብ አያከሽፍም። መጠኑ በአምራቹ መመሪያ ነው፤ ሕፃንም እንደ አዋቂ ያህል ይሰጠዋል፤ እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዙን አይቀንስምና። ፀረ መርዙ ከመከፈቱ በፊት አድሬናሊን ተቀድቶ ይዘጋጅ፤ ለአዋቂ ከ1 በ1000ው 0.5 ሚሊ ሊትር፣ አለርጂ ከተነሳ ጭን ጡንቻ ላይ የሚሰጥ። ደሙ የማይረጋ ሰው ጡንቻ ላይ መርፌ መውጋት የማይመከር ቢሆንም ይህ ግን አይዘገይም። የቴታነስ ክትባት ደሙ እስኪረጋ ይቆያል።

ፀረ መርዙ ኢንዛይሙን ያስቆማል እንጂ ያለቀውን ፋይብሪኖጅን አይተካም። የሚተካው ጉበት ነው፤ ደሙ እንደገና እስኪረጋ 6 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ ፀረ መርዝ ከተሰጠ 1 ሰዓት በኋላ ደሙ አለመርጋቱ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ምርመራው ከ6 ሰዓት በኋላ ይደገማል፤ ያኔም ካልረጋ ፀረ መርዙ ይደገማል። ከረጋ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል። የተነደፈው ቦታ ላይ የቀረ መርዝ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ትናንት የረጋ ደም ዛሬ ላይረጋ ይችላል።

ገና ሲመጣ ደሙ የረጋለት ሰውም ወደ ቤት አይሸኝ። ምርመራው የሚይዘው ፋይብሪኖጅኑ በጣም ሲወርድ፣ በአብዛኛው በዴሲሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ነው፤ እየወረደ ያለውን ላያሳይ ይችላል። ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፣ በየ6 ሰዓቱም ይደገም።

አንድ ነገር በደንብ ይጤን። የረጋ ቱቦ መርዝ አልገባም ማለት አይደለም። ወፍራሙ፣ ሲተነፍስ እፍፍ የሚለው ትልቁ እፉኝት እግርን እስከ ጭን ያሳብጣል፣ ሥጋ ያበሰብሳል፣ የደም ግፊት ይጥላል፤ ደሙ ግን ቱቦ ውስጥ በደንብ ሊረጋ ይችላል። የኮብራና የማምባ ወገን መርዝ ደግሞ የዓይን ቆብ ጥሎ ትንፋሽ ያቆማል። እብጠቱን በየሰዓቱ በብዕር ምልክት ማድረግ፣ የዓይን ቆቡንና ትንፋሹን ማየት ከቱቦው ጋር አብሮ ይሂድ።

ጤና ጣቢያ እስኪደርስ

ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ ሳያብጥ ይውለቅ። የተነደፈው እግር እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ ሳይንቀሳቀስ ይያዝ፤ ሰውየው በቃሬዛ ይወሰድ እንጂ አይራመድ። በገመድ ማሰር ሥጋውን ይገድላል። በምላጭ መብጣት ከሁሉ ይከፋል፤ ደሙ መርጊያ እያጣ ላለ ሰው የማይቆም ቁስል መክፈት ነው። መጥባትም ሆነ ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥ መርዙን አያወጣም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይቻላል፤ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደም አርጊ ሴሎችን ሥራ ስለሚያውኩ አይሰጡ።

የተነደፈበት ሰዓት በወረቀት ይያዝ። ሪፈር ሲጻፍም ከዚህ ሰዓት ጋር ቱቦው የታየበት ሰዓት፣ ውጤቱ፣ የጤነኛው ቱቦ ውጤት፣ የተሰጠው ፀረ መርዝ ስምና የብልቃጥ ብዛት አብሮ ይስፈር። ላይ ያለው ሐኪም ቀጣዩን ምርመራ በስንት ሰዓት ማድረግ እንዳለበት የሚቆጥረው ከዚያ ወረቀት ተነስቶ ነው።