ጓሮ የከረመች ቬስፓ ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሸራ ለብሳ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ዶሮ የሚያድርባት የአባት ቬስፓ ያለችው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ትንሽ ላሳምራትና ልሽጣት» ነው። ብዙ ብር የሚያሳጣው ስህተት እሱ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ቀለም መቀባት። አሮጌ ሞተር አሳድዶ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው የፋብሪካውን ቀለም ነው፤ ቢደበዝዝም ቢላጥም። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። በዚያ ላይ ቬስፓ እንደ ሌላው ሞተር ሳይክል ለብቻው የቆመ ቴላዮ፣ ማለትም የብረት አጽም፣ የላትም። የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካንዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበርና ላሜራውን ራሱን ተሸካሚ አደረገው። የእግር ማሳረፊያው ወለል ከበሰበሰ አጥንቷ በሰበሰ ማለት ነው። አዋቂ ገዢ ጎንበስ ብሎ ከሥር በካቻቢቴ ወጋ ወጋ ያደርጋል፣ ማግኔት ያስጠጋል፤ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ማግኔት አይዝም። ትኩስ ቀለም ሲያይማ «ምን ሸፍናችሁ ነው?» ብሎ ዋጋውን ይቆርጣል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉላት፣ ይበቃታል።

ቁጥሯን ሳያነቡ ዋጋ መጥራት። የጎን ሽፋኖቹን አንስታችሁ አካሏ ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልጉ፤ ሞተሩም የራሱ አለው። የአካሉ መለያ በ«ቲ»፣ የሞተሩ በ«ኤም» ያበቃል፦ በጣልያንኛ ቴላዮ (አጽም) እና ሞቶሬ (ሞተር) ከሚሉት ቃላት። «ቪ ቢ ቢ 1 ቲ» የሚል ካገኛችሁ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ተራ ባለ 150 ሲሲ ናት። «ቪ ኤስ 5 ቲ» ካለ ግን ወንበር ሳቡ። እስከ 1961 የተሠራችው ጂ ኤስ 150 ናት፤ ሰብሳቢዎች ከተራዋ እጅግ አብልጠው ይከፍሉባታል። ሁለቱ መለያዎች ከመጨረሻው ፊደል በቀር ካልተስማሙ ሞተሩ ተቀይሯል። ገዢው ሳያገኘው እናንተ ንገሩት።

የቁራሌውን ወይም የኢንተርኔቱን ዋጋ መያዝ። አንዱ በኪሎ ብረት ይቆጥራል፤ ሌላው ጣልያን አገር ሙሉ በሙሉ የታደሰችዋን ዋጋ ነው የሚያሳየው። እናንተ ተመሳሳይዋ የምትነዳዋ ስንት እንደምትሸጥ አጣሩ፣ የሞተር፣ የላሜራ፣ የጎማና የኤሌክትሪክ ሥራውን ከላዩ ቀንሱ። ለስሌት ያህል፣ የምትነዳዋ 200 ሺህ ብታወጣና ጥገናው 130 ሺህ ቢፈጅ 70 ሺህ ይቀራል፤ ገዢም ለልፋቱ ከዚያ ላይ ያስቀንሳል።

በግድ ማስነሳት። ዓመታት የቆመ ሞተር አልዞር ካለ በርግጫ አትደብድቡት። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ከሆነ ይሰበራል። «አይዞርም» ብሎ መሸጥ ነውር የለውም።

ቅንጥብጣቢ መሸጥ። «ፋኖሷን ብቻ ስጡኝ» የሚለው ሁልጊዜ ከዋናው ገዢ ቀድሞ ይመጣል። እኔ አንድ ጊዜ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋን ሰጠሁ፤ ዋናው ገዢ መጣና ቀዳዳውን አይቶ ዝም አለ። ያ ዝምታ ከመቁጠሪያው ይልቅ አስከፈለኝ።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ማቆየት። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ድሮ የሰጡት ውክልና አያዋጣም፤ ከሰጪው ጋር ያበቃል። መጀመሪያ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከዚያ የወራሾቹ ሁሉ ስምምነት፣ ከዚያ ስም ማዞር። ቀብድ ተይዞ፣ ቬስፓዋ አይሱዙ ላይ ልትጫን ስትል ከአሜሪካ ተደውሎ «ማን ሽጡ አላችሁ?» ሲባል ቆሜ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ከነሸራዋ ወደ ጓሮዋ ተመለሰች።