ራም ጨምራችሁ ኮምፒውተሩ ካልተሻለው፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ የገዛ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ በአንዴ ክንፍ እንዲያወጣ ይጠብቃል። አንዳንዴ ያወጣል። አንዳንዴ ግን ጭራሽ አልነሳም ይላል፤ ወይም ይነሳና በየመሀሉ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል። እኔ እንደማየው ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሲገጠም ሳይሆን ሲገዛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት ስናነሳ፣ ከመግዛት በፊት ምን መታየት እንደነበረበትም አብረን እናያለን።

ራም ጨመርኩ፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው

መጀመሪያውኑ ያነሰው ራም ላይሆን ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ሁልጊዜ የምትሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ከፍታችሁ ሜሞሪ የሚለውን እዩ። ሞልቶ ሊፈስ ከደረሰ አዎ፣ ራም ያስፈልጋችኋል። ግማሹ ባዶ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ግን የሚያንቀራፍፋችሁ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። ገንዘቡን ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ አውሉት።

ራሙ በእርግጥ አንሶ ከነበረስ? ስንት ፍሬ እንደገጠማችሁ እዩ። አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም በአንድ መስመር ብቻ ይሠራል። ሁለት ባለ 8 ከሆኑ ግን ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ጎን ለጎን ያነባቸዋል። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል፤ ምስሉም የሚቀዳው ከዚያው ራም ነውና። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) አራት ስሎት፣ ማለትም የራም መሰኪያ፣ ካለው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አትሰኳቸው። ብዙ ቦርዶች ላይ ትክክለኛዎቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። የቦርዱን መመሪያ አይታችሁ አረጋግጡ።

ስሎቱ ውስጥ አልገባ አለ

በጉልበት አትሞክሩት። ብዙውን ጊዜ የራሙ ትውልድ ቦርዱ ከሚቀበለው ተለያይቷል ማለት ነው፤ ትውልዶቹ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4፣ ዲዲአር5 እየተባሉ ይጠራሉ። የዴስክቶፕ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 ፒን አላቸው፣ ርዝመታቸውም ያው ነው። ከታች ያለችው ቁርጥ ግን ቦታዋ ይለያል። ዲዲአር3 ደግሞ 240 ፒን ነው። ማስተካከያ የለውም፤ መልሳችሁ ቦርዱ የሚቀበለውን መቀየር ብቻ ነው። የላፕቶፕ ራም አጠር ያለ ነው፤ አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ መጨመሪያ ስሎት ጭራሽ የለም። ይህን ሳያዩ መግዛት በከንቱ መክሰር ነው።

ገባ፣ ማራገቢያውም ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

ዲዲአር5 ከሆነ መጀመሪያ ታገሡት። አዲስ ራም ሲያገኝ ቦርዱ ራሱን ከራሙ ጋር ያስተካክላል፤ ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። በመሀል አጥፍቶ ማብራት እንደገና ያስጀምረዋል።

ከዚያም ካልሆነ ኤሌክትሪኩን ንቀሉና ራሙን አውጥታችሁ መልሱት። የስሎቱ መያዣ ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ሁለቱንም ጫፍ ጫን አድርጉ። አሁንም እምቢ ካለ አንድ ራም ብቻ እየተዋችሁ፣ ስሎት እየቀያየራችሁ ሞክሩ። የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ቅንብር ወደ መጀመሪያው መመለስም ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነሳ፣ የተገዛው የተሳሳተ ዓይነት መሆኑን ጠርጥሩ። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ስለሚጎዳ ልዘርዝረው። በርካሽ የሚሸጥ ትልቅ ራም ብዙ ጊዜ ከሰርቨር የወጣ ነው። ሬጂስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም። ጽሑፉ ላይ ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ ከሰረዝ በኋላ «አር» (R) የሚል ፊደል፣ ለምሳሌ «ፒሲ4-2400ቲ-አር» (PC4-2400T-R) ዓይነት ነገር፣ ካያችሁ ተዉት። ሁለተኛው ወጥመድ ለኤኤምዲ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ዲዲአር3 ነው። ቺፖቹ አደራደራቸው የተለየ ስለሆነ የኢንቴል ቦርድ አያውቃቸውም። ሦስተኛው ላፕቶፕ ላይ ይገጥማል፦ ተራው ዲዲአር3 የሚሠራው በ1.5 ቮልት ነው፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ግን የሚቀበሉት ዲዲአር3ኤል የሚባለውን ባለ 1.35 ቮልቱን ብቻ ነው። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው።

3200 ገዛሁ፣ 1600 ይለኛል

አልተጭበረበራችሁም። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው የኮምፒውተሩን ክፍሎች ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም የሚነግራችሁ የሰዓቱን ምት ነው። ዲዲአር በእያንዳንዱ ምት ሁለቴ ስለሚልክ 1600 በሁለት ሲባዛ 3200 ይሆናል።

ታስክ ማናጀር ላይ 2133 ወይም 2666 ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ፣ በአዳዲስ የኤኤምዲ ቦርዶች ደግሞ ኤክስፖ የሚባለውን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር አብሩት። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ወይም ቦርዱ ከዚያ በላይ አይፈቅድም፤ አለበለዚያ አጠገቡ ያለው አሮጌ ራም እየጎተተው ነው። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ራሞች ሲቀላቀሉ ሁሉም በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ።

ከገጠምኩት ያነሰ ያሳያል

ከ4 ጊጋ ውስጥ 3 አካባቢ ብቻ የሚታየው ዊንዶውሱ 32 ቢት ሲሆን ነው፤ 64 ቢት ጫኑ። ትንሽ ብቻ ከጎደለ ግራፊክሱ ወስዶት ነው፣ ጤነኛ ነው። ግማሹ ከጠፋ አንደኛው ራም በደንብ አልተሰካ ይሆናል፤ አውጥታችሁ መልሱት።

ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ፋይል ይበላሻል

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የማይነሳ ኮምፒውተር ችግሩን በግልጽ ይናገራል፤ የሚሳሳት ራም ግን ፎቶዎቻችሁንና ሰነዶቻችሁን ቀስ እያለ ያበላሻል። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሡና ሌሊቱን ይሥራ። አንድም ስህተት መምጣት የለበትም። ከመጣ ኤክስኤምፒውን አጥፉና ድገሙ። ስህተቱ ከጠፋ ራሙ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ያንን ፍጥነት መሸከም አቅቶት ነው። ካልጠፋ አንድ በአንድ ፈትሹ። በየትኛውም ስሎት ስህተት የሚያወጣው ራም ሊመለስ ይገባዋል። ብዙ የታወቁ አምራቾች የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ።

መንስኤው ቅልቅልም ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ግን ለየብቻ የተገዙ ሁለት ራሞች ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው አብረው ተፈትሸው በአንድ ፓኬት የሚሸጡትን እንድትገዙ የምመክረው። የቦርዱ አምራች ድረ-ገጽ ላይ የተሞከሩ ራሞች ዝርዝር አለ፤ እዚያ ውስጥ ካለ የበለጠ እርግጠኛ ትሆናላችሁ።

ታዲያ ጥሩውን በምን እንለየው?

በመብራቱ አይደለም። በብረት ሽፋኑም አይደለም። አብዛኞቹን የራም ቺፖች የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ ኪንግስተንና ኮርሴርን የመሳሰሉት ቺፑን ገዝተው ይገጣጥማሉ። ስለዚህ ቁጥሮቹን እዩ። ሲኤል የሚለውን ቁጥር (ራሙ መልስ እስኪሰጥ ስንት ምት እንደሚያልፍ የሚናገረውን) በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉት። 3200 በሲኤል 16 ከሆነ 10 ናኖሰከንድ ይመጣል፤ 3200 በሲኤል 22 ከሆነ 13.75። ፍጥነታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ራሞች ሲቀርቡላችሁ ይህ ያነሰው ቶሎ መልስ ይሰጣል።

ፎርጅድ እንዳይሆን ከጠረጠራችሁ ሲፒዩ-ዚ ላይ ኤስፒዲ (ራሙ ራሱ ውስጥ የተጻፈው መረጃ) የሚለውን ክፈቱ። አምራቹና የሞዴል ቁጥሩ ከላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ካልገጠሙ በዚያው ቀን መልሱት። እንግዲህ ይህን ሁሉ ፈትሻችሁ እስክትጨርሱ ደረሰኙን አትጣሉ፣ አሮጌውንም ራም አትሽጡት።