ልጆችን ዓሣ ማጥመድ ስታስተምሩ ከየት ትጀምራላችሁ?

በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት በሚካሄድ ካምፕ ዓሣ ማጥመድ የማስተምረው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ጠዋት ውኃ ዳር አልወስዳቸውም፤ ሣር ላይ እናሳልፈዋለን። ክሩ ጫፍ ላይ በመንጠቆ ፈንታ ትንሽ የጎማ ቁራጭ አስርላቸውና መወርወር ይለማመዳሉ። ከመወርወሩ በፊት ዞር ብሎ ኋላውን ያላየ ልጅ ዘንጉን ያስቀምጣል። በዚህ አልደራደርም፤ መንጠቆ የሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ ቋጠሮ ነው። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉና በዋናው ክር ላይ 5 ጊዜ ያህል ጠምጥሙት። ጫፉን መልሳችሁ ከቀዳዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ቀለበት አስገቡት፤ ከዚያ አሁን በተፈጠረችው ትልቅ ቀለበት አውጡት። ከማጥበቃችሁ በፊት አርጥቡት፤ ደረቅ ክር ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይዳከማል። ለትንንሾቹ በወፍራም ገመድና በቁልፍ መያዣ ቀለበት ብታሳዩአቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ ደፍጥጧት። ያኔ ከዓሣውም አፍ ከልጁም ጣት በቀላሉ ይወጣል። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ዋና የሚችለውም ጭምር፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳል።

ዓሣ ሲያዝ ሁሉም ይጯጯሃል፤ እናንተ ግን መጀመሪያ የልጁን እጅ ውኃ ውስጥ አስነክሩት። የዓሣው ገላ ላይ ያለው አንሸራታች ልባስ ከበሽታ ይጠብቀዋል፤ ደረቅ እጅ ግን ይገፈዋል። የሚለቀቅ ከሆነ ቶሎ ይመለስ፣ ፎቶው ይቅር። የሚበላ ከሆነ ወዲያው ጭንቅላቱን መትቶ መግደል የአሠልጣኙ ሥራ ነው፤ ማየት የፈለገ ልጅ ይይ፣ ያልፈለገውን አታስገድዱት።