የቤተሰብና የወዳጅ ልብስ ዓመቱን ሙሉ በቤት ውስጥ እንዴት ይሰፋል

ጎንደር ውስጥ ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ ልብስ ሊሰፋ ያሰበ ሰው ዓመቱን መቁጠር ያለበት ከጥር 11 ወደ ኋላ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው በዚህ ከተማ የልብስ ሰፊ ሁሉ የጊዜ ሰሌዳ ነው፤ ታቦታቱ በከተራ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወርዱበት ዕለት ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም አዲስ ልብስ ይሻልና፣ ታኅሣሥ ሲያልቅ መቀስ የሚያነሳ ሰው አይደርስም። እኔ ባለፈው ዓመት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ለ9 ሰዎች 14 ልብሶችን በቤቴ ሰፍቻለሁ። የሚከተለው ያንን ዓመት እንደገና ብጀምረው የምከተለው የአሠራር ቅደም ተከተል ነው።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

ለቤት ስፌት በእግር የሚረገጥ መኪና ይበቃል፤ ለጀማሪም ከኤሌክትሪኩ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም ፍጥነቱ በእግር ልክ የሚታዘዝ ከመሆኑም በላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ አይቋረጥም። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋ ቢሆንም አያሳስብም፤ ጫፉ የሚተረተር ጨርቅ ሲያጋጥም ቁራጮቹን ይዞ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ መኪና) ወዳለው ልብስ ሰፊ መሄድ ይቻላል። መርፌ እንደ ጨርቁ ይመረጣል፦ ለሸማና ለቀጭን ጥጥ 11 ወይም 12 ቁጥር፣ ለካኪ 14፣ ለጂንስ 16። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ሜትር፣ ስፒል፣ ጠመኔ፣ ካውያ፣ እንዲሁም ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ መቀስ ነው። በጨርቅ መቀስ ወረቀት ከተቆረጠበት ስለቱ ይሞታል፤ ስለዚህ ለወረቀት ሌላ መቀስ ይኑር። ጠመኔ ከጠፋ አልቆ የሳሳ ነጭ ሳሙና በደንብ ያሰምራል፣ ሲታጠብም ምልክቱ ይለቃል።

መስከረምና ጥቅምት የእጅ ማፍታቻ ወራት ናቸው። በመጀመሪያ የትራስ ልብስ፣ ቀጥሎ ሽርጥ፣ ከዚያ ወገቡ ላስቲክ የሆነ የልጅ ጉርድ ቀሚስ ይሰፋል፤ በእነዚህ ሦስቱ ቀጥ አድርጎ መስፋት፣ ጠርዝ መቀልበስና ላስቲክ ማስገባት ይለመዳል። የሸሚዝ አሠራር ለማወቅ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ የሚገጥምዎትን አንድ የሰልባጅ ሸሚዝ መግዛትና ስፌቱን በምላጭ ቀስ ብሎ መተርተር ከማንኛውም ትምህርት ይበልጣል። የተተረተሩት ቁራጮች በካውያ ተዘርግተው ወረቀት ላይ ሲነደፉ፣ እጅጌው አናቱ ላይ ለምን እንደሚጎብጥ፣ ኮሌታው ከስንት ቁራጭ እንደሚሠራ በዓይን ይታያል።

ጨርቁን መምረጥና ማጠብ

ጨርቅ ከመግዛትዎ በፊት ስፋቱን ይጠይቁ፤ በሱቅ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 90፣ 115 ወይም 150 ሳንቲ ሜትር ነው። 120 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀሚስ ስፋቱ 150 ከሆነ ጨርቅ ላይ የፊቱና የኋላው ቁራጭ ጎን ለጎን ስለሚወጡ፣ ለእጅጌና ለጠርዝ ተጨምሮ 2 ሜትር ገደማ ይበቃል። ስፋቱ 90 ከሆነ ግን ቁራጮቹ አንዱ ከሌላው በታች ስለሚሆኑ 3 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሸማ ሸማኔው መወርወሪያውን በእጁ ከዳር እስከ ዳር በሚያደርስበት ልክ ስለሚሠራ ጠባብ ነው፤ ለሰፊ ቀሚስ ምን ያህል ክንድ እንደሚያስፈልግ ከሸማኔው ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይገባል። ትእዛዙም በመስከረም ቢሰጥ ይመረጣል፣ ኅዳር ከገባ በኋላ ሸማኔ ሁሉ ሥራ ይበዛበታል።

ጥጥ የሆነ ጨርቅ ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። ያልታጠበ ጥጥ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ይኮማተራል፣ ገበሩና ላዩም እኩል ስለማይኮማተሩ ልብሱ ይጨማደዳል። በሸማ ላይ ደግሞ የጥለቱን ቀለም አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል፦ ነጭ ብጣሽ በውኃ ነክሮ ጥለቱ ላይ በካውያ መጫን፣ ብጣሹ ቀለም ከያዘ ሸማውን ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ይህ ጎንደር ላይ የቅንጦት ጥንቃቄ አይደለም። በጥምቀት ዕለት ጠበሉ ሲረጭ ወጣቱ ከነልብሱ እየዘለለ ይገባል፣ ዳር የቆመውም ቢሆን ደርቆ አይመለስም፤ ያልተፈተነ ቀይ ጥለት በነጩ ቀሚስ ላይ ሲፈስ ያየ ሰው ሁለተኛ አይዘነጋም።

የታጠበው ጨርቅ ጥላ ላይ ይሰጣ፣ ገና እርጥበት ሳለው ይተኮስ፣ ከዚያም ድሩና ማጉ ይለይ። ድሩ በርዝመቱ የሚሄደው ክር ነው፤ ሲጎተት እምብዛም አይለጠጥም። ማጉ በስፋቱ የሚሄደው ሲሆን በአንጻሩ ይለጠጣል። ልብስ ሁሉ ድሩ ከትከሻ ወደ እግር እንዲወርድ ሆኖ ይቆረጣል፤ ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ አግድም የተቆረጠ ቀሚስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አወራረዱ ይበላሻል።

ሰውን መለካት

ለእያንዳንዱ ሰው በደብተር አንድ ገጽ ይመደብ፣ ቀኑም ይጻፍበት። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ የክንድ ዙሪያ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ቁመት ይሰፈራል። ሜትሩ ሳይጠብቅ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ላይ ከ8 እስከ 10፣ ዳሌ ላይ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር መላወሻ ይጨመራል።

እዚህ ድረስ ያለውን ማንም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል፤ እኔም ይህንኑ አድርጌ ነበር። ለገና የሰፋሁትን ቀሚስ እናቴ መስተዋት ፊት ቆማ ስታየው ምንም እንከን አልነበረበትም። ከሰዓት በኋላ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ጀበናውን ስታነሳ ግን የቀኝ ብብቱ ስፌት ጧ ብሎ ተተረተረ። ጀበናውን መልሳ አስቀመጠች፣ ክንዷን ወደ ጎኗ ሰብሰብ አድርጋ «ይኼ እኮ ለቆመ ሰው የተሰፋ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ትከሻው፣ ደረቱ፣ ወገቡ ሁሉ በደብተሬ እንደተጻፈው ነበር፤ በደብተሩ ያልነበረው የእናቴ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሰው ገጽ ላይ ሦስት ልኮች ጨመርሁ። አንደኛው ሁለት እጅ ወደ ፊት ተጣምሮ የሚለካ የጀርባ ስፋት ነው፤ ከቆመ ሰው ጀርባ ይበልጣል፣ ቀሚሱም የሚቆረጠው በዚህ ነው። ሁለተኛው ሰውዬው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚለካ ዳሌ ነው። ሦስተኛው ክርን ታጥፎ ከማጅራት እስከ እጅ አንጓ ያለው ርዝመት ነው። ልብሱ በመርፌና በክር ላላ ተደርጎ ከተወሰወሰ በኋላ ደግሞ ባለቤቱ በየዕለቱ የሚሠራውን እንዲሠራ ይጠየቅ፦ ቡና የምትቀዳው ትቅዳ፣ ስግደት ያለበት ይስገድ፣ ልጅ የምታዝለው ልጇን ትዘል። ጨርቁ የሚጎተትበት ቦታ ላይ በሳሙና ምልክት ይደረግ፣ ውስወሳው ይፈታ፣ ያ ቦታ ሰፋ ይደረግ።

የብብቱ መድኃኒት አራት ማዕዘን ቁራጭ ነው። 12 በ12 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥና በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ይተዋል። እጅጌው ከትከሻው ጋር ከተጋጠመ በኋላ፣ የጎኑና የእጅጌው የታችኛው ስፌት ሳይዘጋ፣ የቁራጩ አንደኛው ጎን ከእጅጌው የፊት ጠርዝ ጋር፣ አጠገቡ ያለው ጎን ከቀሚሱ የፊት ጎን ጋር ይሰፋል፤ የቀሩት ሁለት ጎኖች በተመሳሳይ ሁኔታ ከኋላ ይገጥማሉ። በየማዕዘኑ ስፌቱ ጫፍ ሳይደርስ 1 ሳንቲ ሜትር ላይ መቆም አለበት፣ ካለዚያ ማዕዘኑ ይኮማተራል። ክንድ ሲወርድ ቁራጩ ታጥፎ አይታይም፤ ክንድ ሲነሳ ተከፍቶ ስፌቱን ያሳርፋል። የእናቴን ቀሚስ በዚህ አዳንሁት፣ አሁንም ትለብሰዋለች።

ጥለት ያለውን ቀሚስ መስፋት

ጥለት ያለው ቀሚስ ከታች አይቆረጥም፤ ስለዚህ ልኩ ከጥለቱ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ባለቤቷ በዓሉ ላይ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ትቁም፣ ወገቧ ላይ ክር ይታሰር፣ ከክሩ እስከ መሬት ይለካ፣ ከዚያም 4 ሳንቲ ሜትር ይቀነስ፤ በከተራ ታቦት አጅቦ የሚሄድ ሰው መንገዱ ረጅም ነው፣ መሬት የሚጠርግ ጥለትም ቀኑ ሳይመሽ ጠርዙ ይበላል። የሚተርፈው ርዝመት ሁሉ ከወገብ በላይ ይስተካከላል።

የደረቱ ጥልፍ ከሁሉ በፊት ይቅደም። የአንገቱ መስመር በሳሙና ይሠመር እንጂ አይቆረጥ፤ ጥልፍ ጨርቁን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ ቀድሞ የተቆረጠ አንገት ጥልፉ ሲያልቅ ጠቦና ተጣሞ ይገኛል። እኔ የደረቱን መስቀል ራሴ በእጄ ጠልፌዋለሁ፣ ማታ ማታ ብቻ እየሠራሁ አምስት ሳምንት ወስዶብኛል፤ ስለዚህ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት መጀመር አለበት እላለሁ። ለጠላፊ የሚሰጥ ሰውም ቢሆን ያልተቆረጠ ጨርቅ ይዞ ይሂድ።

ጥልፉ ሲያልቅ ከጀርባው በኩል፣ ለስላሳ ጨርቅ ተነጥፎበት ይተኮሳል፣ አንገቱ ይቆረጣል፣ ትከሻዎቹ ይገጣጠማሉ፣ እጅጌውና የብብቱ ቁራጭ ይገባሉ። ጎኖቹን ሲያጋጥሙ መጀመሪያ የፊቱንና የኋላውን ጥለት ግራና ቀኝ አስተካክለው በስፒል ይያዙ፣ ስፌቱንም ከጥለቱ ጀምረው ወደ ብብት ይውጡ። ጥቂት መዛነፍ ቢኖር የሚደርሰው ብብት ላይ ነው፣ እዚያ ማንም አያየውም፤ ከብብት ወደ ታች የተሰፋ ግን መዛነፉን በሙሉ ጥለቱ ላይ ያራግፈዋል፣ ጥለት ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነገር ነው። የጎን ስፌት 2.5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይኑረው፣ ከብብቱ ቁራጭ በቀር ሌላው 1.5 ይበቃዋል። ሸማው ስስ ከሆነ ከወገብ እስከ ጉልበት የታጠበ ቀጭን ጥጥ ገበር ይግባለት። እያንዳንዱ ስፌት እንደተሰፋ በካውያ ይከፈት፤ የመጨረሻው ትኩሳ በየደረጃው ያልተተኮሰውን አያቃናም።

ከጥምቀት በኋላ

በጥር የሰርግ ጥሪ ይበዛል፣ ወዳጅም «ለእኔስ?» ማለት ይጀምራል። እሺ ከማለትዎ በፊት ይለኩ፣ ጨርቁንም ራሳቸው ያምጡ፤ ለሰርግ የሚሆነውን ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ አይቀበሉ። ልብሱ አዲስ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍቶ መሞከር ይገባል። ኮትን በዚህ ዓመት አይንኩት፤ የውስጡ አሠራር የረጅም ጊዜ ልምድ ይጠይቃል፣ ውድ ሱፍ በመለማመጃ መበላሸት የለበትም።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ሰው አይለካ። 55 ቀን የጾመ ሰው ወገቡ ቀጭኗል፤ በዚያን ጊዜ የተለካ ቀሚስ ግንቦት ላይ አይዘጋም፣ በአክስቴ ላይ ደርሶብኛል። በጾሙ ወራት የወንድ ሸሚዝ ቢሰፋ ይሻላል፣ አንገትና ትከሻ ብዙ አይለወጥምና።

ለክረምት ጥጥ የሆነው ሁሉ በግንቦት ታጥቦ ይደር። ሰኔ ከገባ በኋላ ጨርቅ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ መሽተትም ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ረፋድ መስኮት አጠገብ መስፋት ዓይንን ያተርፋል፤ መኪናውም ከሥራ በኋላ ተሸፍኖ ይደር፣ እርጥበት መርፌውን ያዝገዋልና።

የልጆች ዩኒፎርም ከቡሄ በፊት ይለካ፣ ከቡሄ በኋላ ይሰፋ። ጠርዙ 6 ሳንቲ ሜትር ታጥፎ በእጅ ይያዝ፤ ልጁ ሲረዝም ውስወሳው ብቻ ተፈትቶ ይወርዳል። የወንዶቹ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ከውስጥ ድርብ ይደረግበት፣ የሴቶቹም ጉርድ ወገቡ ከኋላ ላስቲክ ይሁን። የተረፈውን ብጣሽ አይጣሉ፣ ለመጣፊያ ስለሚያስፈልግ በደብተሩ በልጁ ገጽ ላይ በስፒል ይያያዝ።

በጳጉሜን መኪናው ይከፈት። የታችኛው ክር በሚቀመጥበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ብናኝ በብሩሽ ይውጣ፣ በየቀዳዳው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ይደረግ፣ አሮጌው መርፌ ይለወጥ። ከዚያ ዘይቱ ክሩን ማቅለሙን እስኪያቆም ድረስ በብጣሽ ላይ ደጋግመው ይስፉ፤ የመስከረሙ የመጀመሪያ ነጭ ጨርቅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።