የሽንት ቤት ብሩሹ ሽታ እንዴት እንደጠፋ

መታጠቢያ ቤታችን ማታ ታጥቦ ቢያድርም ጠዋት ይሸታል። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ ጠረጠርኩ። በበረኪና ባጥበውም ለውጥ የለም። በኋላ የብሩሹን ማስቀመጫ ሳነሳ ሥሩ ቡናማ ውሃ አቁሯል።

ክዳን ያለው፣ ያማረ የሴራሚክ ማስቀመጫ ገዛሁ። ለዓይን ደስ ይላል፤ ግን አየር ስለማያስገባ ጭራሽ ባሰበት። ሥሩ በረኪና ማድረግም ለጊዜው ብቻ ነው። (በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው።)

የሠራው ይኼ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር ያለውን ብሩሽ ጥዬ የሲሊኮን ገዛሁ። ሲሊኮን ውሃ አይመጥም፤ ጥርሶቹም ራቅ ራቅ ስላሉ ቶሎ ይደርቃል። ማስቀመጫው ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ከታች ክፍት የሆነ። ሻወሩና ሽንት ቤቱ አንድ ክፍል በሆነበት ቤት ወለል ላይ የተቀመጠ ነገር መቼ ይደርቃል? ማጣበቂያው እንዲይዝ ግድግዳውን በአልኮል ጠርጌ፣ ምንም ሳልሰቅልበት አሳደርኩት።

ዋናው ግን አጠቃቀሙ ነው። ካጸዳሁ በኋላ ውሃ ለቅቄ አለቀልቀዋለሁ። ከዚያ እጀታውን በመቀመጫውና በሳህኑ መሃል አስይዤ እስኪንጠፈጠፍ እተወዋለሁ። ሳይደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም።

ሲሊኮን የደረቀ ቆሻሻ ላይ ደከም ይላል። ፈሳሽ ሳሙና አፍስሶ ትንሽ መጠበቅ ነው። ቀለሙ? ጥቁር ግራጫ ውሰዱ፤ ነጩ ቶሎ ይበልዛል።