መኖ እምቢ ያለው ፈረሴ እንዴት ዳነ

የፈረሰኞቹ በዓል፣ ጥር 23፣ እየተቃረበ ነው፤ እንጅባራም በፈረስ ወሬ ተሞልታለች። የእኔ ዳማ ግን ገብሱን አሽትቶ ጥቂት ያላምጥና ይተወዋል። ጎኑ መክሳቱን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤቶቼ ወስፋት ነው ብለውኝ መድኃኒቱን ሰጠሁት፤ ለውጥ አልነበረም።

ፍንጩን ያገኘሁት ከመመገቢያው ሥር ነው፦ በምራቅ የራሰ፣ በግማሽ የታኘከ የድርቆሽ ድብልብል። ፈረሱ መኖውን አልጠላም፤ ማኘክ ነው ያቃተው። የፈረስ ጥርስ ለረጅም ዓመታት ከድዱ እየወጣ ሲያኝክ ይሞረዳል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ ግን ዳር ዳሩ ሳይነካ ይሾላል፤ የላይኛው ጥርስ ጉንጭን፣ የታችኛው ምላስን ይወጋል።

የእንስሳት ሐኪሙ አፉን በብረት መክፈቻ ይዞ በባትሪ ሲያሳየኝ ጉንጩ በውስጥ በኩል ተልጦ ቀልቷል። አንጀቴ ተላወሰ። ሹሉን በረጅም እጀታ ሞረድ አስተካከለው። ይህን ሥራ ማንም በቤቱ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ።

ቁስሉ እስኪሽር በውሃ የራሰ ፉርሽካና ለስላሳ ሣር አበላሁት። አሁን ድርቆሹን ሳያንጠባጥብ ይጨርሳል፤ ጥርሱንም በየዓመቱ አስመረምራለሁ።