የተራራ ላይ ሙስሊዬ መጓጎሉን ያቆመው እንዲህ ነው

ከሀዋሳ ተነስተን ቦርሳ አዝለን ባሌ ተራሮች ስንወጣ የሚያናድደኝ ቁርስ ነበር። በሶ ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ፈቶታል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሙስሊ (ኦትስ፣ ማለትም የተዳመጠ አጃ፣ ከወተትና ከዘቢብ ጋር ተደባልቆ የሚበላ ቁርስ) አማረኝ። ባለፈው ዲንሾ ላይ የዱቄት ወተቱን በቀዝቃዛ ውሃ ስበጠብጠው ጓጎለ፤ ኦትሱም እንደ ገለባ ጥርስ ላይ ቀረ። ጓደኛዬ ቀምሳ "ይሄማ የበቅሎ ራት ነው" አለችኝ።

ለካ ቅባቱ ያልወጣለት የዱቄት ወተት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ኦትስ ደግሞ መራስ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ሙስሊን ለታካሚዎቹ ያዘጋጀው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ቢርኸር ቤነርም አጃውን ቀድሞ ይዘፈዝፍ ነበር።

አሁን ቤት ውስጥ ጨርሼ ነው የምወጣው። ለአንድ ሰው 10 የሾርባ ማንኪያ ኦትስ ሽታው እስኪያውድ ምጣድ ላይ አምሳለሁ። በደንብ ሲበርድ (ትኩሱን ከከተትሽው ላስቲኩ ውስጥ ያልበዋል) 3 ማንኪያ የዱቄት ወተት፣ አንድ እፍኝ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ዘቢብ፣ የተፈጨ ተልባና ቆንጠር ያለ ጨው ጨምሬ፣ የእያንዳንዱን ጠዋት ለየብቻ ዚፕ ባለው ላስቲክ አሽጋለሁ። ወተቱ ኦትሱ መሀል ስለሚበተን አንድ ቦታ አይከመርም።

ጠዋት ኩባያ ውስጥ ገልብጬ መጀመሪያ ትንሽ የፈላ ውሃ ብቻ፤ እንደ ሊጥ አሸዋለሁ። ከዚያ ሞልቼ፣ ከድኜ፣ በጋቢ ጠቅልዬ 10 ደቂቃ። የባሌ ተራሮች አናት ላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው ከ90 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ግን ኦትሱ ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት ያለፈ ነውና ይበቃዋል።

የበቅሎ ራት ያለችው ልጅ አሁን የሷንም ላስቲክ እኔ ነኝ የምሞላው።